የጥያቄ ምልክቶቹ መዝሙር

«የኦሮምኛው አንዲት ፊደል አልጎደለችም እኮ። የአማርኛው ብቻ ነው ድራሹ የጠፋው። እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ይሆናል ብለሽ ነው?»

ይህን ያለችው ሴት ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ከውኃ ሮቶው ማዶ ቆማ የልጇን አፍንጫ እየጠረገች ነበር። መዓዛ ከሮቶው ወዲህ እጇን ስትታጠብ ሰማቻት። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል፣ ወይም ዞር ብሎ «ኧረ ተይ እህቴ፣ የሰው ስም አታንሺ» ይላል። መዓዛ ግን ቧንቧውን ሳትዘጋ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ቀሪውን ጠበቀች። ሁለተኛዋ ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ፌኔት ናታ፣ ሌላ ማን ይነካዋል» ስትል ሰማች። የመዓዛ ሆድ ቅቤ ጠጣ። ፌኔት የታናሽ ወንድሟ የቦንሳ ሚስት ናት፤ አንድ ግቢ፣ አንድ ማዕድ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት የሚጋሩ የቤተሰብ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ሐሜት ሰምቶ ደስ መሰኘት ደግ እንዳልሆነ መዓዛ አላጣችውም። ቢሆንም ደስ አላት፣ ምን ታድርግ።

ጠዋት የሆነውን ምእመኑ ሁሉ አይቶታል። ቺሮ አፋፉ ላይ ባለችው በዚያች ቆርቆሮ ክዳን ቤተ ክርስቲያን የሚዘመረው በሁለት ቋንቋ ነው፤ አንድ በኦሮምኛ፣ አንድ በአማርኛ። ግጥሙ ደግሞ በፕሮጀክተር ነጩ ግድግዳ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያው የኦሮምኛ ነበር፤ ወጣ፣ ተዘመረ። ሁለተኛው የአማርኛ ነበር፤ ግድግዳው በጥያቄ ምልክት ተሞላ። አራት መስመር የጥያቄ ምልክት፣ ከዚያ ባዶ ቦታ፣ ደግሞ አራት መስመር፣ ባዶ ቦታ፣ ደግሞ አራት መስመር። ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ሦስተኛው፣ የኦሮምኛው፣ ጥርት ብሎ ወጣ። አራተኛው፣ የአማርኛው፣ እንደገና ጥያቄ በጥያቄ። አሁን የሳቀ የለም። ዘማሪዎቹ ማይክ እንደያዙ ተያዩ፤ ወጣቶቹ ግጥሙን በቃላቸው ስለማያውቁት ዜማውን ብቻ አጉረመረሙ። ከፊት የተቀመጡት የመዓዛ እናት ወይዘሮ ሳህሊቱ ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘምሩ ነበር። እሳቸው ቀድሞም ማንበብ ስለማይችሉ ግድግዳው ምን እንደሆነ አላወቁም። ፌኔት ከኋላ፣ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ፣ ላፕቶፑ ላይ ተደፍታ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር።

ያቺ ትንሽ ጠረጴዛ የመዓዛ ነበረች። መዓዛ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ማመልከቻና የኪራይ ውል ስትተይብ ትውላለች፤ ደንበኛ ሲያልቅ ለዓመታት የቤተ ክርስቲያኑን መዝሙር ስትተይብ ኖራለች። እሑድ እሑድ ከዚያች ጠረጴዛ ተቀምጣ ገጽ የምታገላብጠው እሷ ነበረች። ፌኔት አምና ከበደሳ ተድራ መጣች። ሂርና አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ ሰኞ ሄዳ ዓርብ ማታ ትመለሳለች። የመዓዛን መዝሙሮች በራሷ ላፕቶፕ ብትከፍታቸው የወጣላት የላቲን ፊደል፣ የቅንፍና የነጥብ ዝብርቅርቅ ነበር። መዓዛ የምትጽፍበት የድሮ የግዕዝ ፕሮግራም ፊደሉን የሚያስቀምጠው በራሱ ልማድ ነውና፣ ፕሮግራሙ ካልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ማንም አያነበውም። ፌኔት ተቀምጣ ሁሉንም ዩኒኮድ ወደሚባለው፣ ዓለም ወደተስማማበት አጻጻፍ ለወጠችው። ከሽማግሌዎች አፍ የሰበሰበችውን የኦሮምኛ መዝሙር ጨመረችበት። ሁሉንም በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጋ፣ ፋይሉን እያነበበ ግድግዳ ላይ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈች። ፓስተሩም አንድ እሑድ ብድግ ብለው «ተቆልፎብን የነበረውን መዝሙር እህት ፌኔት ከፈተችልን» አሉ፣ ጉባኤውም አጨበጨበ። ተቆልፎብን! መዓዛ ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ታላምጣታለች። እሷ ስንት ምሳ ሰዓቷን የሰዋችበት መዝሙር ቁልፍ ሆኖ ቀረ።

ይህ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። እናቷም አሉ። ወይዘሮ ሳህሊቱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ፓስተሩ ሊጠይቋቸው ሲመጡ እንኳ ከመቀመጫቸው አይነሱም። ዓርብ ማታ የሂርና ሚኒባስ ጥሩምባ ሲሰሙ ግን ይነሳሉ። ግድግዳውን ተደግፈው እስከ በራፉ ይሄዳሉ። መዓዛ ዕድሜ ልኳን ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ እናቷ አንድም ቀን ተነስተው አያውቁም፤ እሷም ይነሱልኝ ብላ አስባ አታውቅም፣ ለሌላ ሰው ሲነሱ እስክታይ ድረስ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሽማግሌ ደረጀ ያዟት። «እህት መዓዛ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች እንቀመጣለን። አንቺም ነይ። ወደ ጠረጴዛሽ ብትመለሽ የሚሻል ይመስለኛል።»

«እንደ ጌታ ፈቃድ» አለች መዓዛ፣ ጌታ ፈቃዱን ቶሎ እንዲያደርገው እየቸኮለች።

ቁልቁል ስትወርድ አስፋልቱ ዳር ጫት የጫኑ አይሱዙዎች እየተፈተለኩ ያልፉ ነበር። ከሀሚዳ ጉልት ቲማቲም ገዛች። ሀሚዳ ኪሎው በሰማንያ ነው አለቻት፤ መዓዛ ያለምንም ክርክር ከፈለች። ሀሚዳ ብሩን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት። «ወላሂ ዛሬ አንድ ነገር አግኝተሻል። ያለ ጭቅጭቅ የከፈልሽበት ቀን ትዝ አይለኝም» አለች፤ ሁለት ቲማቲምም መረቀችላት።

ምሳ ቀረበ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ የእናታቸው አልጋ፣ ሁለት ሶፋ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ከበሩ ጎን የቁልፍና የፍላሽ መስቀያ ምስማር። ቀሪው ክፍል የሙሽሮቹ ነው። መዓዛ ድሮ የተኛችበት ክፍል ነው፤ አሁን ጓሮ በተሠራላት ሰርቪስ ታድራለች። ያንንም ቢሆን ራሷ ናት «እኔ እወጣለሁ» ያለችው፤ የሚለምናት ጠፋ እንጂ። አራቱም አንድ ትሪ ከበው በሉ። ማንም ስለ ጠዋቱ አላነሳም። ወይዘሮ ሳህሊቱ ፌኔትን አጎረሱ፣ ቦንሳን አጎረሱ፣ ከዚያ መዓዛን። መዓዛ ተራዋን ቆጥራ ጎረሰች። ቦንሳ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ሻጭ ነው፤ ዝምታ አይችልም፤ ጥቂት ታግሶ ሚስቱን «ግን ምንድነው የሆነው?» አላት።

ፌኔት እጇን ከትሪው ሰበሰበች። «ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያስቀምጠው። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚነግረው ሰንጠረዥ አለ። የድሮው የዊንዶውስ ሰንጠረዥ ውስጥ የላቲን ፊደል አለ፣ የእኛ የግዕዙ የለም። ፋይሉ በዚያ ሰንጠረዥ ከተቀመጠ ለማያውቀው ፊደል ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይተካበታል። ኦሮምኛው በቁቤ፣ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ምንም አይሆንም። አማርኛው ግን አይመለስም።»

«በራሱ ይሆናል?»

«በራሱ አይሆንም። ሰው ከፍቶ ሲያስቀምጠው ነው።»

«ማን ነው ታዲያ?»

ፌኔት ባዶውን ብርጭቆ አነሳች። ወደ ምስማሩም አላየችም፣ ወደ መዓዛም አላየችም። «ትንሽ ውኃ ልጨምርልዎት እማዬ?» ብላ ተነሳች። በዚህ ጊዜ ነበር መዓዛ ወደ ምስማሩ ያየችው።

ዓርብ ከሰዓት ፌኔት ገና ሂርና ሳለች፣ መዓዛ ፍላሹን ከምስማሩ አንስታ ወደ ሥራዋ ወስዳው ነበር። ለምን ቢሏት እንከን ፍለጋ ነው። ደግሞም አገኘች። ፋይሉ ውስጥ የእናቷ መዝሙር ነበር፤ ወይዘሮ ሳህሊቱ በወጣትነታቸው ቦኬ ሳሉ ራሳቸው ያወጡት። መዓዛ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የእናቷን መዝሙር መጻፍ አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም፤ ፌኔት በመጣች በወሩ ከአፋቸው ተቀብላ ጽፋዋለች። እንደ እሳት ያቃጠላት ይህ ነበር። ነገር ግን እናቷ ያን ቀን ደክሟቸው ይሁን ረስተው ባለ አራት መስመር ሁለት አንጓ ብቻ ነው የሰጧት። ሦስተኛውን መዓዛ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ልቧ በደስታ ዘለለ። እንደ ልማዷ ሁሉንም ወደ አዲስ ገጽ ገልብጣ ሦስተኛውን አንጓ በቦታው ጨመረች። እሑድ ሲዘመር እናቷ ደንገጥ ብለው «ይሄን ማን አስታወሰው?» ሲሉ፣ ከዚያም «እኔ ነኝ» ስትል ታያት። በዚያው ስም መልሳ ልታስቀምጠው ስትል በእንግሊዝኛ የተጻፈ መስኮት ብቅ አለ፤ ውስጡ የመዝሙሩ ጽሑፍ ይታያል፤ ኦሮምኛው ጥቁር፣ አማርኛው ቀይ። መዓዛን ቀዩ አላስደነገጣትም። ያ ፕሮግራም አማርኛን አያውቅምና ዕድሜ ልኩን ከያንዳንዱ የአማርኛ ቃል ሥር ቀይ ሲያሰምር ኖሯል፤ ቺሮ ውስጥ በጽሕፈት የሚተዳደር ሰው ሁሉ ቀዩን አይቶ እንዳላየ ማለፍ የመጀመሪያ ትምህርቱ ነው። ደንበኛ ተሰልፎ ነበር። «እሺ» የሚለውን ተጫነች፣ ፍላሹን ነቀለች፣ ፌኔት ሳትደርስ ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው። ፌኔትም እሑድ ጠዋት እንደ ወትሮው ከፍላሹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ላፕቶፕ ገለበጠችው። የራሷ ላፕቶፕ ለጥገና ድሬዳዋ ከሄደ ከርሟል፤ ሌላ ቅጂ የለም፤ የመዓዛም የድሮ ፋይሎች ከተለወጡ ወዲያ ተደምስሰዋል።

ከምሳ በኋላ መዓዛ እናቷን «ሻርፕ ረስቼ ነው» ብላ ወጣች። እሑድ ስለሆነ የጽሕፈት ቤቱ ዝግ ነበር፤ ቁልፉ ግን እሷ ዘንድ ነው። ከውስጥ ዘግታ ኮምፒውተሩን ከፈተች። አንድ መስመር አማርኛ፣ አንድ መስመር ኦሮምኛ ጻፈች። አስቀመጠች። ያ መስኮት መጣ፤ አማርኛው ቀይ። «እሺ» አለች። መልሳ ከፈተችው፤ አማርኛው የጥያቄ ምልክት፣ ኦሮምኛው እንደነበረ። ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል ብላ ነበር የመጣችው። ኮምፒውተሩን አጥፍታ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የራሷን ፊት እያየች ተቀመጠች። ፌኔት አውቃለች። ፋይሉ የተቀየረበት ቀንና ሰዓት ይታያል፤ ዓርብ ከሰዓት ፌኔት ሂርና ነበረች፤ የድሮ ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር ደግሞ ከቤተሰቡ የሚነካ ማን አለ? አውቃ ነው ዝም ያለችው። ለምን? ለመቼ ልታቆየው? መዓዛ ብታስብ ብታስብ ከራሷ ሆድ ያለውን ክፋት በፌኔት ሆድ ውስጥ ልታገኘው አልቻለችም፤ ይህም አናደዳት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፓስተሩ ጠባብ ቢሮ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ፤ ፓስተሩ፣ ሽማግሌ ደረጀ፣ ሽማግሌ ጉርሜሳ፣ ፌኔትና መዓዛ። ደረጀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማንንም አልከሰስንም። ግን የአንዱ ቋንቋ ተርፎ የሌላው ብቻ ሲጠፋ ሕዝቡ ምን ይበል?»

«ሕዝቡን ተው ደረጀ» አሉ ጉርሜሳ። ሽበታቸው የነጣ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ ሰው ናቸው፤ አማርኛን እንደ እንግዳ ቤት በጥንቃቄ ነው የሚገቡበት። «አንተ ምን ትላለህ? ይቺ ልጅ አማርኛውንም እሷ ናት የጻፈችው። ልታጠፋው ነው የጻፈችው? እንዲህ መጠራጠር ከመጣ እኛም በኦሮምኛ ለብቻ እናምልክ። ጠዋት እኛ፣ ከሰዓት እናንተ። ሰላም ነው፣ ጠብ የለም።»

ጠብ የለም ቢሉም ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ፓስተሩ ግንባራቸውን ያዙ። ከውጭ የእሑድ ትምህርት ልጆች ኳስ የቢሮውን ግድግዳ ይደበድባል። መዓዛ ለአፍታ ያን ቀን በዓይኗ አየችው፤ ቦንሳና ፌኔት ጠዋት ሲሄዱ፣ እሷና እናቷ ከሰዓት፣ ሁለት ብቻቸውን ተደጋግፈው። እናቷን ለብቻዋ ታገኛለች። ደስ የሚል ነገር ነበረው። ከዚያ ግን እናቷ ጠዋት የፌኔትን ክንድ ይዘው ከግቢው ሲወጡ ታዩዋት። ይወጣሉ፣ ምን ያግዳቸዋል! ኦሮምኛውን እንደሆነ ከአማርኛው እኩል ያውቁታል።

«እህት ፌኔት፣ ፋይሉን ማን እንደነካው ታውቂያለሽ?» አሉ ፓስተሩ።

ፌኔት የጣት ቀለበቷን ታዞር ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው ፓስተር። ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነበረብኝ፣ አላስቀመጥኩም። ጠረጴዛውን ለእትዬ መዓዛ አስረክባለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ግን በዚህ አይከፈል።»

ውሸት አልነገረችም፣ እውነቱንም አልተናገረችም። የፓስተሩ ዓይን እንባ አቀረረ። ጉርሜሳ «አይዞሽ ልጄ» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። ደረጀ እንኳ አንገታቸውን ደፉ። መዓዛ ይህን ሁሉ አየች። ጠረጴዛው የእሷ ሆነ፤ ነገር ግን በዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ፍቅር ሁሉ ተጠራርጎ ወደዚያች ልጅ ሲፈስ በዓይኗ አየች። ማታ እናቷ ይሰማሉ፤ «አቤት ትሕትና» ይላሉ። ፌኔትም አውቃ እንደቻለች፣ መዓዛም እንደተቻለች፣ አንድ ትሪ ከበው እስከ ዕድሜ ልክ ይበላሉ። በገዛ ጥፋቷ ሌላ ሰው ሊጌጥበት! ንስሐ ቢሉት ንስሐ አልነበረም፤ ቅናት ነው ከወንበሯ ያስነሳት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ዓርብ ዕለት ፍላሹን ወስጄ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አማርኛው ቀይ ሆኖ አሳየኝ፣ አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩት። እሷ ታውቃለች። ጠዋትም ታውቅ ነበር።»

ኳሱ ግድግዳውን መታ። ጉርሜሳ ደረጀን አዩ፤ ደረጀ የጫማቸውን አፍንጫ አዩ። ፓስተሩ «ይሄን ለመናገር ጉልበት ይጠይቃል እህት መዓዛ» አሉ፤ ቀጥለውም ሁለቱም ከጠረጴዛዋ አብረው እንዲቀመጡ፣ የጠፋውንም አብረው እንዲጽፉት ወሰኑ። መዓዛ ምስጋናው ሲመጣ የፌኔትን ፊት ሰረቅ አድርጋ አየች፤ ይከፋው እንደሆነ ለማየት። አልከፋም። ጠዋት የያዘችውን ትንፋሽ አሁን ገና የለቀቀች ነው የምትመስለው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ፣ ፌኔት ከፊቱ፣ መዓዛ ከጎኗ። ወይዘሮ ሳህሊቱ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል። የሰፈሩ መስጊድ አዛን አሰምቶ ሲያበቃ ፌኔት ፋይሉን ከፈተችው። መዓዛ የአማርኛውን መዝሙር ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች፤ የምትለውን ፌኔት ትጽፋለች። ሁለት መዝሙር ሄዱ፣ ከሥራው ውጭ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ። የእናቷ መዝሙር ጋ ሲደርሱ ፌኔት ቆመች።

«እዚህ ጋ እዪ እትዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የጥያቄ ምልክቶቹን በጣቷ አሳየቻት። «ፊደሉ ይጠፋል እንጂ መስመሩና ክፍተቱ አይጠፋም። እኔ የጻፍኩት ሁለት አንጓ ነበር። አሁን ሦስት ሆኗል። ጠዋት የእማዬ መዝሙር ተራው ደርሶ ግድግዳው ላይ ስቆጥረው አንቺ እንደሆንሽ አወቅኩ። የጨመርሽበት ነገር እንዳለም አወቅኩ። ስለዚህ ነው ዝም ያልኩት፤ ልታጠፊ አልመጣሽማ።»

መዓዛ ክፍተቶቹን ራሷ ቆጠረቻቸው። ምእመኑ ሁሉ ጥያቄ ብቻ ባየበት ግድግዳ ላይ ይህች ልጅ እሷን አንብባታለች። የጥያቄ ምልክት እንኳ ማንበብ ትችላለች፤ በዚህም ቀናችባት። የተሰማት ግን ቅናት ብቻ አልነበረም።

«ምን ይላል ሦስተኛው?» አለች ፌኔት፣ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አዘጋጅታ።

መዓዛ ዓርብ ዕለት ስትጽፈው ቃሉን አላዳመጠችውም ነበር፤ ስሕተት ማግኘቷን ብቻ ነበር ያየችው። አሁን ጮክ ብላ ልትለው ነው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«የጎረቤቴ ጎተራ ሲሞላ፣
ዓይኔ በቅናት እንዳይቀላ፣
የሰጠኸኝን እንዳልንቅ ጌታ፣
ልቤን ጠብቅልኝ ጠዋት ማታ።»

ፌኔት ጻፈች። ሳቅ አላለችም፣ ቀናም አላለችም፤ ከንፈሯን ብቻ ነከስ አድርጋለች። አልጋው ሲጢጥ አለ። ወይዘሮ ሳህሊቱ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነስተው ነበር። ወደ ጠረጴዛው ሁለት ሦስት እርምጃ መጡ።

«ይሄን እኮ እኔ ራሴ ረስቼው ነበር» አሉ። «ማነው ያስታወሰው?»

መዓዛ «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች።

«እትዬ መዓዛ ናት» አለች ፌኔት ቀድማት።